ከጡብ ፋብሪካ ሐዲድ የተነሣው፣ እስከ ዛሬ ያልተፈታው ጥያቄ

ሦስት ቤቶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል እንበል። ከፊት ለፊታቸው የውኃ ማከፋፈያ፣ የመብራት ትራንስፎርመርና የስልክ ማከፋፈያ ሣጥን አሉ። እያንዳንዱ ቤት ከሦስቱም የየራሱን መስመር ይፈልጋል፤ በጠቅላላው ዘጠኝ መስመር ማለት ነው። መስመሮቹ በአንድ ጥልቀት የሚቀበሩ በመሆናቸው አንዱ በሌላው ላይ ማለፍ አይችልም፤ በሰው ቤት ሥር መሹለክም ክልክል ነው። መጠማዘዝ፣ ዞሮ መምጣት፣ ሰፈሩን በሙሉ መክበብ ግን ይፈቀዳል። ዘጠኙን መስመሮች አንዱ ሌላውን ሳይሻገር መዘርጋት ይቻላልን?

በእንጨት መሬት ላይ ጫር ጫር አድርጎ የሞከረ ሰው ስምንቱን ያለ ብዙ ችግር ይዘረጋል። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ቤት ተከብቦ ያገኘዋል። አጥፍቶ በሌላ መንገድ ቢጀምርም ውጤቱ ያው ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው የእንቆቅልሽ ደራሲ ሄንሪ ዱድኒ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ በውኃ፣ በጋዝና በኤሌክትሪክ ስም ይገኛል። እርሳቸውም ቢሆኑ ከእርሳቸው በፊት የቆየ ጥያቄ መሆኑን ገልጸዋል።

መልሱ «አይቻልም» ነው። ይህ ግን «እስካሁን የቻለ የለም» ከማለት የተለየ ነው። ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ወደፊትም እንደማይችል በእርግጠኝነት ማሳየት ይቻላል። ማስረጃውን ለመከተል ደግሞ የማሳ ድንበር ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻ በቂ ነው።

የድንበር ቆጠራ

የሒሳብ ሊቃውንት ነጥቦችንና ነጥቦቹን የሚያያይዙ መስመሮችን የያዘ ሥዕል «ግራፍ» ይሉታል። በትምህርት ቤት ወደ ላይና ወደ ጎን በሚሰመሩ ሁለት መስመሮች ላይ ከሚሣለው ግራፍ ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋራም። እዚህ ርቀትም ሆነ አቅጣጫ ቁም ነገር አይደለም፤ የሚጠየቀው ማን ከማን ጋር ተያያዘ የሚለው ብቻ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር ስለ እነዚህ ሥዕሎች አንድ ቀላል ሕግ አግኝተዋል። ነጥቦቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ከተያያዙና መስመሮቹ የማይሻገሩ ከሆነ፣ የነጥቦቹና የክፍሎቹ ቁጥር ሲደመር ከመስመሮቹ ቁጥር ሁልጊዜ በሁለት ይበልጣል። ክፍል የሚባለው በመስመር የታጠረ ቦታ ነው፤ ከሥዕሉ ውጭ ያለው ሜዳም እንደ አንድ ክፍል ይቆጠራል።

አራት ማዕዘን የሆነ ማሳ ይታሰብ። አራት የድንበር ድንጋዮች፣ አራት ድንበሮችና ሁለት ክፍሎች፣ ማለትም ማሳውና ውጭው፣ አሉት። አራትና ሁለት ስድስት ነው፤ ይህም ከአራቱ ድንበሮች በሁለት ይበልጣል። አባት ማሳውን ለሁለት ልጆች ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚሄድ አንድ ድንበር ቢያካፍሉ፣ ድንጋዮቹ አራት እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ድንበሮቹ አምስት ይሆናሉ፣ ክፍሎቹም ሦስት። አራትና ሦስት ሰባት ነው፤ ከአምስት አሁንም በሁለት ይበልጣል። ምንም ያህል ቢቆራረስ ሕጉ አይናወጥም።

አሁን ወደ ሦስቱ ቤቶች እንመለስ። ነጥቦቹ ስድስት፣ መስመሮቹ ዘጠኝ ናቸው። መስመሮቹ ሳይሻገሩ መዘርጋት የሚቻል ቢሆን ኖሮ፣ በኦይለር ሕግ መሠረት ሥዕሉ አምስት ክፍሎች ሊኖሩት ይገባ ነበር። እያንዳንዱን ክፍል ስንት መስመር ያጥረዋል? ቤት ከቤት ጋር፣ ማከፋፈያም ከማከፋፈያ ጋር ስለማይያያዝ፣ የክፍሉን ዳር ይዞ የሚዞር ሰው ከቤት ወደ ማከፋፈያ፣ ከማከፋፈያ ወደ ሌላ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሌላ ማከፋፈያ ሄዶ ነው ወደ መነሻው የሚመለሰው። ስለዚህ አንድ ክፍል ቢያንስ አራት ድንበር ያስፈልገዋል፤ አምስቱ ክፍሎች በጠቅላላው ቢያንስ 20 ድንበር ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር ደግሞ በግራና በቀኝ ላሉት ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ድንበር ይሆናል። ዘጠኝ መስመሮች ለሁለት ወገን ሲቆጠሩ 18 ናቸው። የሚያስፈልገው 20፣ ያለው 18። ነገሩ አለቀ።

አንድ መሻገር ብቻ ከተፈቀደ ግን ዘጠኙም ይዘረጋሉ። ስለዚህ የሦስት ቤትና የሦስት ማከፋፈያ ሥዕል ዝቅተኛው የመስቀለኛ ቁጥር አንድ ነው ይባላል። መስቀለኛ የሚባለው ሁለት መስመሮች የሚሻገሩበት ቦታ ነው። የቤቶቹና የማከፋፈያዎቹ ቁጥር ሲጨምር ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ስንት ይሆናል? ይህን የጠየቁት ሰው ጥያቄውን ያገኙት ወንበር ላይ ተቀምጠው አልነበረም።

ጡብ የሚገፉት የሒሳብ ሊቅ

ፓል ቱራን እ.ኤ.አ. በ1910 በቡዳፔስት የተወለዱ የሀንጋሪ አይሁዳዊ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሀንጋሪ መንግሥት አይሁድ ዜጎቹን መሣሪያ በማይዙ የግዳጅ ሥራ ጓዶች ውስጥ ይመድብ ነበር። ቱራንም እ.ኤ.አ. በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርተው ወደ ትራንሲልቫኒያ ተወሰዱ፤ ሥራቸው ለባቡር መንገድ የሚነጠፍ እንጨት መሸከም ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባቸው በስም ሲጠራቸው በአጠገቡ የቆመ መኮንን ሰማ። መኮንኑ በሰላሙ ጊዜ የሳይንስ መጽሔት በሚታተምበት ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ስለነበር የቱራንን ጽሑፎች ያውቃቸዋል። ሊያደርግላቸው የቻለው ነገር ቢኖር ወደ ግንድ ማከማቻ ማዛወር ብቻ ነበር። በዚያም ግንድ ለሚፈልጉ ቡድኖች ቦታውን ሲጠቁሙ እየዋሉ፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዙ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የግራፍ ሕግ በአእምሯቸው አወጡት።

የመስቀለኛው ጥያቄ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1944 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦትና በሐምሌ መካከል ከ400 ሺህ የሚበልጡ የሀንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ተግዘዋል፤ አብዛኞቹም የደረሱት ወደ አውሽቪትስ ነው። ቱራን በቡዳፔስት አቅራቢያ በሚገኝ የጡብ ፋብሪካ ውስጥ በግዳጅ ይሠሩ ነበር።

ፋብሪካው ጡብ የሚተኮስባቸው በርካታ ምድጃዎችና ጡብ የሚከመርባቸው በርካታ ማከማቻዎች ነበሩት። ከእያንዳንዱ ምድጃ ወደ እያንዳንዱ ማከማቻ ሐዲድ ተዘርግቷል። ሠራተኞቹ የተተኮሰውን ጡብ በትናንሽ ጋሪዎች ላይ ይጭናሉ፣ ጋሪውን በሐዲዱ ላይ እየገፉ ይወስዳሉ፣ ያራግፋሉ። ቱራን ኋላ እንደጻፉት ሥራው ራሱ ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ መከራው የነበረው ሐዲዶቹ በሚሻገሩበት ቦታ ነው። ጋሪው እዚያ ሲደርስ ከሐዲዱ ይወጣል፣ ጡቡም ይፈሳል።

ለምን እንደሚወጣ መረዳት አያስቸግርም። የሐዲድ ጋሪ ጎማ ከሐዲዱ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ሁለት ሐዲዶች በሚሻገሩበት ቦታ ይህ ከንፈር የሚያልፍበት ክፍተት እንዲኖር ብረቱ መቆረጥ አለበት። ትንሽ ጎማ ያለው፣ ከባድ ጭነት የተሸከመ ጋሪ እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይዘላል። የፈሰሰውን ጡብ መልቀምና ጋሪውን ወደ ሐዲዱ መመለስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ ለእነዚያ ሰዎች ውድ ነበር። ለምን ውድ እንደነበረ ቱራን በጽሑፋቸው ከመዘርዘር ተቆጥበዋል።

ጋሪውን እየገፉ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። የመስቀለኞቹን ቁጥር መቀነስ ቢቻል የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል። ዝቅተኛው ቁጥር ስንት ነው? ከጥቂት ቀናት በኋላ የፋብሪካው አዘረጋግ ከዚያ የተሻለ ሊሆን ይችል እንደነበር ተረዱ። ለየትኛውም የምድጃና የማከማቻ ቁጥር የሚሆን አጠቃላይ መልስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ አገኙት።

36ቱ መስቀለኞች እንዴት 4 ሆኑ?

የአዘረጋግ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያተርፍ በ4 ምድጃና በ4 ማከማቻ ማየት ይቻላል። ምድጃዎቹ በአንድ ረድፍ፣ ማከማቻዎቹ ከፊት ለፊታቸው በሌላ ረድፍ ቢቆሙና 16ቱ ሐዲዶች ቀጥ ብለው ቢዘረጉ፣ ማናቸውም ሁለት ምድጃዎች ከማናቸውም ሁለት ማከማቻዎች ጋር አንድ መስቀለኛ ይፈጥራሉ፤ የግራው ምድጃ ወደ ቀኙ ማከማቻ፣ የቀኙም ወደ ግራው ሲሄዱ መሻገራቸው ግድ ነውና። ከአራት ሁለት ሁለቱን የማጣመር መንገድ ስድስት ስለሆነ፣ ስድስት ጊዜ ስድስት፣ 36 መስቀለኞች ይገኛሉ።

አሁን ቦታው ይቀየር። መሬት ላይ አንድ ትልቅ መስቀል ይሣላል። በአግድሙ ክንድ ላይ ከመሃል በስተግራ ሁለት ምድጃዎች፣ በስተቀኝ ሁለት ምድጃዎች ይቆማሉ። በቋሚው ክንድ ላይ ደግሞ ከመሃል በላይ ሁለት ማከማቻዎች፣ ከመሃል በታች ሁለት ማከማቻዎች ይሆናሉ። ሐዲዶቹ ቀጥ ብለው ሲዘረጉ መስቀሉ ቦታውን በአራት ሩብ ይከፍለዋል። በአንድ ሩብ ያለው ሐዲድ በሌላ ሩብ ካለው ጋር አይሻገርም፤ በየሩቡም የሚገኘው አንድ መስቀለኛ ብቻ ነው። ጠቅላላው 4። ምድጃዎቹ፣ ማከማቻዎቹና የሐዲዶቹ ቁጥር እንዳለ ነው፤ ጋሪው የሚዘልባቸው 36 ቦታዎች ግን አራት ሆነዋል።

በ5 ምድጃና በ5 ማከማቻ ደግሞ በሁለት ረድፍ አቀማመጥ 100 መስቀለኞች ይኖራሉ፤ በመስቀል አቀማመጥ 16 ብቻ።

ቱራን እ.ኤ.አ. በ1952 ፖላንድን ሲጎበኙ ጥያቄውን ለአገሪቱ የሒሳብ ሊቃውንት አነሡ። ካዚሚዬሽ ዛራንኪየቪች እና ካዚሚዬሽ ኡርባኒክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በየፊናቸው መልስ አቀረቡ፤ ሁለቱም የመስቀሉ አቀማመጥ ከሁሉም የተሻለው ነው አሉ። የዛራንኪየቪች ጽሑፍ በ1950ዎቹ አጋማሽ ታተመ፤ ጉዳዩም የተዘጋ መሰለ።

ለመሣል ቀላል፣ ለማረጋገጥ ከባድ

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። «በ16 መስቀለኛ ይሣላል» ያለ ሰው ሥዕሉን ሠርቶ ቢያሳይ በቂው ነው። «ከ16 በታች አይሣልም» ያለ ሰው ግን ማንም ሰው ሊሥላቸው ለሚችላቸው፣ ቁጥር ሥፍር ለሌላቸው ሥዕሎች ሁሉ መልስ መስጠት አለበት። የቱራን ጥያቄ ጭንቅ ያለው በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው።

ለ4 በ4 ይህን ጭንቅ ማለፍ ይቻላል፤ ዘዴውም ደስ ያሰኛል። አንድ ሰው አራቱን ምድጃዎችና አራቱን ማከማቻዎች በፈለገው መንገድ አዘረጋ እንበል። ከዚያም አንድ ምድጃና አንድ ማከማቻ ለጊዜው ይዘጋል። የሚቀረው 3 በ3 ነው፤ የዚህ ሥዕል ደግሞ ቢያንስ አንድ መስቀለኛ እንደማያጣ ከሦስቱ ቤቶች ተምረናል። የሚዘጋውን ምድጃ በአራት መንገድ፣ የሚዘጋውን ማከማቻ በአራት መንገድ መምረጥ ስለሚቻል መዝጋቱ በ16 ዓይነት ይፈጸማል፤ በእያንዳንዱም ቢያንስ አንድ መስቀለኛ ይቆጠራል። ድምሩ ቢያንስ 16 ነው።

ይሁንና በዚህ ቆጠራ አንዱ መስቀለኛ ደጋግሞ ተቆጥሯል። ስንት ጊዜ? አንድ መስቀለኛ በሁለት ሐዲዶች የተሠራ ስለሆነ ሁለት ምድጃዎችና ሁለት ማከማቻዎች አሉት። የሚቆጠረው እነዚህ ሳይዘጉ ሲቀሩ፣ ማለትም ከሌሎቹ ሁለት ምድጃዎች አንዱና ከሌሎቹ ሁለት ማከማቻዎች አንዱ ሲዘጉ ነው። ይህም ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት ጊዜ ይሆናል። 16 ለ4 ሲካፈል 4 ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ከአራት በታች መሣል አይችልም፤ የመስቀሉ አቀማመጥም በአራት ስለሚሥል ከዚያ የተሻለ የለም።

ይኸው ዘዴ ለ5 በ5 ሲሞከር ግን ይደክማል። መዝጋቱ በ25 ዓይነት ይሆናል፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 4 መስቀለኞች፣ ድምር 100፤ አንዱ መስቀለኛ የሚቆጠረው ዘጠኝ ጊዜ ነው። 100 ለ9 ሲካፈል ከ11 ይበልጣል፤ መስቀለኛ ደግሞ አይቆራረስምና ቢያንስ 12 እንደሚሆን እናውቃለን። የታወቀው ሥዕል ግን 16 አለው። በ12ና በ16 መካከል ያለውን ጉድጓድ ለመሙላት ሌላ ብርቱ ሐሳብ ይጠይቃል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጉድጓዱም ይሰፋል።

ዛራንኪየቪች ይህን ጉድጓድ ለሁሉም ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚሞላ ማስረጃ አገኘሁ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965ና በ1966 ጌርሃርት ሪንግልና ፖል ካይነን በየግላቸው ማስረጃውን ሲመረምሩ አንዱ እርምጃ ምንም እንደማይደግፈው አገኙ። ከአሥር ዓመት በላይ እንደ እውነት ሲጠቀስ የቆየው ሕግ እንደገና ግምት ሆነ። ዛራንኪየቪች እ.ኤ.አ. በ1959 ስላረፉ ይህን ለማየት አልደረሱም። ስሙ ግን አልተነሣባቸውም፤ ያው ቀመር ዛሬም የዛራንኪየቪች ግምት እየተባለ ይጠራል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ አዝጋሚ ነው። አሜሪካዊው ዳንኤል ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1970 ከሁለቱ ወገን አንዱ ከ6 የማይበልጥ ከሆነ ግምቱ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። ዳግላስ ዉዳል እ.ኤ.አ. በ1993 በኮምፒውተር ታግዘው 7ን ከ7 እስከ 10፣ 8ንም እንዲሁ ከ7 እስከ 10 ካሉት ጋር ጨመሩ። በዚህም የተነሣ ያልተረጋገጡት ትንንሾቹ ጥያቄዎች 7 በ11 እና 9 በ9 ሆነው ቀሩ። ለ9 በ9 የመስቀሉ አቀማመጥ 256 መስቀለኞች ይሰጣል። ከዚያ ያነሰ ሥዕል ያመጣ የለም፤ እንደማይኖር ያረጋገጠም የለም። ቁጥሮቹ እኩል ሆነው እጅግ ሲበዙ እውነተኛው ዝቅተኛ ቁጥር ግምቱ ከሚለው ከ85 በመቶ በታች እንደማይወርድ ግን በ2000ዎቹ ታይቷል።

ቱራን ራሳቸው የጡብ ፋብሪካውን ታሪክ በጽሑፍ ያሰፈሩት በሕይወታቸው መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አረፉ፤ ጽሑፉ በቀጣዩ ዓመት፣ ለግራፍ ጥናት ብቻ ተብሎ በተቋቋመ አዲስ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ወጣ።

ከጋሪ ወደ ስልክ

የጡብ ጋሪ በአብዛኛው ቀርቷል፤ መስቀለኛው ግን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። የተበላሸ ራዲዮ ወይም ስልክ ሲፈታ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች የተነጠፉባት ሰሌዳ ትታያለች። ሁለት የመዳብ መስመሮች በአንድ ገጽ ላይ ከተሻገሩ ኤሌክትሪኩ ይቀላቀላል፤ ዕቃው ይበላሻል። መፍትሔው ሰሌዳውን በስቶ አንዱን መስመር በሌላ ንጣፍ ማሳለፍ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳና እያንዳንዱ ተጨማሪ ንጣፍ ደግሞ ዋጋ አለው።

መስመር በበዛ ቁጥር መስቀለኛ እንደሚበዛ ማንም ይገምታል፤ ምን ያህል እንደሚበዛ ግን የሚያስደነግጥ ነው። 100 ነጥቦች ያለ ምንም መስቀለኛ ሊያያዙ የሚችሉት ቢበዛ በ294 መስመሮች ነው፤ ይህም ሁለት ነጥቦችን የሚያያይዘው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አራት የሒሳብ ሊቃውንት፣ በ1983 ደግሞ የኮምፒውተር ቺፕ አዘረጋግን ያጠኑ የነበሩት ቶም ሌይተን፣ ከዚያ በላይ ሲኬድ የሚመጣውን ዝቅተኛ ዋጋ አሳዩ። በሕጉ መሠረት 100 ነጥቦችን በ400 መስመሮች ያያያዘ ሰው ቢያንስ 100 መስቀለኞችን ይቀበላል። መስመሮቹን በእጥፍ አሳድጎ 800 ቢያደርጋቸው መስቀለኞቹ 200 አይሆኑም፤ ቢያንስ 800 ይሆናሉ። መስመር በሁለት ሲባዛ ይህ ዝቅተኛ ዋጋ በስምንት ይባዛል።

ኮምፒውተር ይህን አያቃልለውምን? እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክል ጋሪና ዴቪድ ጆንሰን የየትኛውንም ግራፍ ዝቅተኛ የመስቀለኛ ቁጥር ማግኘት፣ ፈጣን መፍትሔ ካልተገኘላቸው ከባድ ችግሮች ወገን መሆኑን አረጋገጡ። የእነዚህ ችግሮች ጠባይ አንዱን በፍጥነት የፈታ ሁሉንም ይፈታል የሚል ነው፤ እስካሁን ግን የፈታ የለም። በመሆኑም የቺፕ አዘጋጆች የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ጥሩ አዘረጋግ ይፈልጋሉ እንጂ ከሁሉም የተሻለውን አገኘን አይሉም።

መስቀለኛ የሰውን ዓይንም ያደክማል። ሔለን ፐርቸስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት አንባቢዎች የነጥብና የመስመር ሥዕሎችን አይተው ጥያቄ እንዲመልሱ አደረጉ። ከተመረመሩት የአሣሣል ጠባዮች መካከል አንባቢውን ከሁሉም ይበልጥ የጎዳው የመስመሮች መሻገር ሆኖ ተገኘ።

መሻገር ወይስ መጋራት

የመስኖ ቦይ ለሚዘረጋ ገበሬ ከዚህ ሁሉ የሚተርፍ ነገር አለ። ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ የሚሄድ ቦይ ማሳዎቹ ስንትም ቢሆኑ አንድም መስቀለኛ አያስፈልገውም። ሁለት ምንጮች ቢኖሩና እያንዳንዱ ማሳ ከሁለቱም የየራሱን ቦይ ቢፈልግ እንኳ ችግር የለም፤ ምንጮቹን በሁለት ጫፍ፣ ማሳዎቹን መሃል አድርጎ ማሰብ ይበቃል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ውኃው ሽቅብ ስለማይሄድ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ያ ግን የመስቀለኛ ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ ምንጭ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። ሦስት ማሳ ከሆነ አንድ መስቀለኛ፣ አራት ማሳ ከሆነ ሁለት፣ ስድስት ማሳ ከሆነ ስድስት፣ አሥር ማሳ ከሆነ 20 መስቀለኞች የግድ ይሆናሉ። እነዚህ ቁጥሮች ክላይትማን ካረጋገጡት ወሰን ውስጥ ስለሆኑ ግምት አይደሉም፤ ማንም ባለሙያ ሊቀንሳቸው አይችልም። በየመስቀለኛው አንዱን ቦይ በሌላው ላይ የሚያሳልፍ አሸንዳ ወይም በሥሩ የሚያልፍ ቧንቧ መኖር አለበት። ወጪው የሚከብድ ከሆነ የሚቀረው መንገድ ጥያቄውን መለወጥ ነው፤ ሦስቱን ምንጮች በአንድ ኩሬ አጠራቅሞ ከኩሬው በአንድ ዋና ቦይ ማከፋፈል። ያን ጊዜ መስቀለኞቹ በሙሉ ይጠፋሉ። በምትኩ የተራ ጉዳይ ይመጣል፤ ዋናው ቦይ የጋራ ነውና።

ይህ ዓይነቱ ምርጫ በአገራችንም በሐዲድ ላይ ይታያል። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብና ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉት። ሁለቱ መስመሮች መሃል ከተማ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ይሁንና እንደ ጡብ ፋብሪካው ሐዲዶች በአንድ ቦታ ተሻግረው አይለያዩም፤ በስታዲየምና በልደታ መካከል ያለውን ሐዲድ በጋራ ይጠቀሙበታል፣ ከዚያም ይለያያሉ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ላይ የአንዱ መስመር ባቡር ሲዘገይ የሌላውም ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል።